በግድቡ ላይ የተተከሉ የመንገደኛ ዛፎች

እኔ ክፉው ከደጉ ቀድሞ የሚታየኝ ሴት ነኝ። ስልክ ሲጠራ «ማን ሞተ?» ብዬ ነው የማነሳው። ሰማይ ሲጠቁር ጎርፍ፣ ልጅ ሲያስል ሳምባ፣ መኪና ሲዘገይ ገደል ይታየኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴም አልገላገለኝም፤ የምፈራውን ነገር በትክክለኛ ስሙ እንድጠራው ብቻ ረዳኝ። ጎረቤቶቼ «አልቃሽ ብርሀንነሽ» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ዛሬ ግን ብዕር ያነሣሁት ለማልቀስ አይደለም። ሰፈራችን ከምን እንደ ተረፈ፣ በማን ምክንያት እንደ ተረፈ ጽፌ ለማመስገን ነው። የሌላ ሰፈር ሰውም ቢያነበው ሳይጠቀም አይቀርም።

ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ አንድ ኩሬ አለን። እኛ «ሐይቃችን» እንለዋለን፤ እውነተኛ ሐይቅ ያየ ሰው ይስቅብናል። ከአርባ ዓመት በፊት ለከብት መጠጫ ተብሎ፣ ቀይ አፈር በሰው ጉልበት ተከምሮ የተገደበ ነው። የቧንቧ ውሃ ከገባ ወዲህ ከብቱ ቀረና መናፈሻ ሆነ። ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል። አለኸኝ የሚባል ቀልደኛ ሰው በአንዲት ሰማያዊ ጀልባ ልጆችን ያንሸራሽርበታል። በአረፋም በፋሲካም ቤተሰብ ምሳውን ይዞ ይመጣና ከግድቡ ግርጌ ካለው ሣር ላይ ይውላል። ከሣሩ ዝቅ ብሎ አሥራ ሰባት ቤት አለ። ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛው የእኔ ነው።

የኩሬው ጠባቂ ሼህ አሕመድኑር ናቸው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ፈርሂያ ወደ ጅዳ የሄደች ዕለት፣ ሼሁ ግድቡ ራስ ላይ አንድ ባሕር ዛፍ ተከሉ። በሚቀጥለው ወር ልጁን ወደ ዱባይ የሸኘ ሌላ ሰው ተከለ። ከዚያ ልማድ ሆነ። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን ዓረብ አገር በላከ ቁጥር ግድቡ ላይ አንድ ዛፍ ያቆማል። «የመንገደኛ ዛፍ» እንለዋለን። ሠላሳ አራት ደርሰው ነበር፤ ሁሉም የሰው ስም አላቸው። እናቶች በዚያ ሲያልፉ ግንዱን ዳበስ አድርገው ነው የሚሄዱት። የእኔ ልጅ የሻለም ኩዌት ከገባች ስምንት ዓመቷ ነው። የእሷ ዛፍ ከዳር ሰባተኛው ነበር።

ባለፈው የፋሲካ ሳምንት፣ ዓርብ ጠዋት፣ አለኸኝ ከደጃፌ ቆመና፣

«ብርሀኔ፣ አትደንግጪ» አለኝ።

ሰው «አትደንግጪ» ካለኝ ነው የምደነግጠው።

«የየሻለም ዛፍ ደርቋል። ቅጠሉ ሁሉ ረግፏል። ምስጥ ሳይሆን አይቀርም።»

ነጠላዬን እንዳገኘሁት ጣል አድርጌ እየሮጥኩ ደወልኩላት። በሦስተኛው ጥሪ አነሣች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እማ፣ ምንም አልሆንኩም። ሥራ ላይ ነኝ። ወፍሬአለሁ እንጂ ምን እሆናለሁ?»

«ዛፍሽ ደረቀ እኮ!»

ሳቀች። ድምፅዋ ጤነኛ ነበር። እኔ ግን ሳቋ ውስጥ ሳል የሰማሁ መሰለኝና መንገዴን ቀጠልኩ።

ግድቡ ላይ ስደርስ አንዲት ወጣት ቀጭን ፌሮ ይዛ መሬቱን እየወጋች፣ እየነቀለች ታያለች። ዝናሽ ናት፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የወርቂቱ ልጅ። ውሃ ምሕንድስና ተምራ ማሻ ከተማ ትሠራለች። ለፋሲካ ነው የመጣችው። ሼህ አሕመድኑር ደግሞ ከግድቡ ግርጌ፣ ከሣሩ ሥር ውሃ ከሚመነጭባት ጥግ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማንቆርቆሪያቸውን ይሞላሉ። ሁልጊዜ ለሰላት ታጥበው ውዱእ የሚያደርጉት ከዚያች ውሃ ነው።

«እትዬ ብርሀንነሽ፣ እንኳን አደረሽ» አለችና ዝናሽ አቀፈችኝ። «ምነው ፊትሽ?»

ዛፌን አሳየኋት። ግንዱን በፌሮው መታ መታ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ። እኔ የሰው ፊት ሲለወጥ ፈጥኜ ነው የማውቀው።

«ይፈርሳል አይደል? ግድቡ ይፈርሳል!»

ከታች ሼሁ ሰሙና ሳቁ። «ተይ እንግዲህ! ብርሀንነሽ ይህን ግድብ ስታፈርሰው ዛሬ ስንተኛዋ ነው? ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ብቻ ሠላሳ ጊዜ አፍርሳዋለች። ወላሂ፣ በእሷ አፍ ቢሆን እኔ እስካሁን ደጎሎ ገበያ በጎርፍ ደርሼ ነበር።»

ዝናሽ ወርዳ እጃቸውን ሳመች። እኔም ተከተልኳት።

«አባባ፣ አፉ ይበሉኝና አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ ልጄ። የተማረ ሰው ምን ብሎ ዝም ይላል?»

«እነዚህ ዛፎች ከግድቡ ላይ መነሣት አለባቸው። ክረምት ሳይገባ።»

ሼሁ ማንቆርቆሪያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«መንግሥት በየክረምቱ ችግኝ ትከሉ እያለ ሲያስወጣን ይኖራል። አንቺ ደግሞ ንቀሉ ትያለሽ። እስቲ መጀመሪያ እናንተው ተስማሙና ኑ።»

«ተራራው ላይ ትከሉ የሚለው ልክ ነው አባባ። ተራራ በጀርባው ውሃ አላዘለም። ግድብ ግን ቀንና ሌሊት ውሃ እየገፋው ነው የሚቆመው። ውሃው መሹለኪያ ይፈልጋል። የዛፍ ሥር ደግሞ ውሃ ፍለጋ ግድቡ ሆድ ውስጥ ይገባል።»

«ሥር አፈር ይይዛል እንጂ ይለቃል እንዴ?»

«ዛፉ እስካለ ድረስ ይይዛል። ሲሞት ሥሩ ይበሰብሳል፤ የነበረበት ቦታ ቧንቧ ሆኖ ይቀራል። ሳይሞትም ነፋስ ቢጥለው ከነሥሩ ጉድጓድ አፈር ይዞ ነው የሚወድቀው። ግድቡ ራሱ ስፋቱ ስንት ነው? ሁለት ሰው ተቃቅፎ የሚያልፍበት።»

«ልጄ፣ ይህ ግድብ አርባ ዓመት ቆሟል።»

«አባባ፣ ሃያ ዘጠኙን ዓመት የቆመው ያለ ዛፍ ነው።»

አለኸኝ ጀልባውን ዳር አስይዞ ሊያዳምጥ መጥቶ ነበርና «ሼሁ፣ ይችስ ሂሳብ ታውቃለች!» አለ። ሼሁ በአይናቸው ቀጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሼህ አሕመድኑር ግትር ሰው አይደሉም። በድርቅ ዓመት የቤታቸውን እህል ለጎረቤት ያካፈሉ፣ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና ቀድመው የሚጠሩ ናቸው። ነገር ግን ያ ዛፍ አሥራ አንድ ዓመት ያላዩት የልጃቸው ቁመት ነበር። ሲያድግ አደገች ይላሉ። እኛ እናቶችም እንደዚያው ነን። ስለዚህ ዝናሽ የምትከራከረው ከእውቀት ማነስ ጋር አልነበረም፤ ከናፍቆት ጋር ነበር። ናፍቆት ደግሞ በቀላሉ አይረታም። እሷም ይህን የተረዳች ይመስለኛል፤ ድምፅዋን አንዴም ከፍ አላደረገችም።

«ይህስ ውሃ?» አለች ከሼሁ እግር ሥር የምትመነጨውን እያየች። «መቼ ነው የጀመረው?»

«ይህማ ረሕመት ነው። አላህ እንዳልደክም ብሎ እግሬ ሥር ያፈለቀልኝ ነው። አራት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ እንደ እንባ ጠብ ጠብ ትል ነበር። ማሻአላህ፣ አሁን ማንቆርቆሪያዬን ቶሎ ትሞላዋለች።»

«እየጨመረች ነው ማለት ነው?»

«በረከት አይደል፤ ይጨምራል።»

ይህን እያሉ ቀሪዋን ውሃ ሊደፉ ማንቆርቆሪያውን ገለበጡት። ከሥሩ ቀላ ያለ ነገር ወጣ።

«ማንቆርቆሪያው ነው ያረጀው» አሉ። «ካለፈው ክረምት ወዲህ ዝገት ያወጣል።»

ዝናሽ ጎንበስ ብላ ዕቃውን ተቀበለቻቸው። በጣቷ ከሥሩ ጠረገች፤ በሁለት ጣቷ መካከል አሸች።

«አባባ፣ ይህ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም እንዲህ አይዝግም።»



«ታዲያ ምንድን ነው?» አልኩ እኔ፣ መልሱን እያወቅሁ።

«አፈር ነው እትዬ።»

ሼሁ ወዲያው አልተቀበሉም። «ኩሬው ራሱ ድፍርስ ነው። ከዚያ ያጣራው ደለል ይሆናል» አሉ። ዝናሽ «ሊሆን ይችላል፤ እንየው» አለች። ይህ ንግግሯ ነው ልቤን የነካው። እኔ ብሆን ጮኼ፣ ሰው ሰብስቤ፣ ቤቴን ለቅቄ ነበር። እሷ ከጀልባው ቤት ሁለት ባዶ ሃይላንድ ለመነች። አንዱን ከኩሬው መሐል በአለኸኝ ጀልባ ሄዳ ሞላችው። ሁለተኛውን ከሼሁ ምንጭ ሞላች። ሁለቱን ጎን ለጎን ድንጋይ ላይ አቆመቻቸውና «እስከ ከሰዓቱ የአስር ሰላት ማንም አይንካቸው» አለች።

እኔ ቤቴ አልሄድኩም። ሃይላንዶቹን ስጠብቅ ዋልኩ። አለኸኝ «እሳት ላይ የጣድሽው ወጥ አስመሰልሽው እኮ» እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ።

ሼሁ ሰግደው ሲመለሱ ሁለቱም ውሃዎች ጠርተው ነበር። የኩሬው ሥሩ ላይ ጥቁር ደለል ተኝቷል። የምንጩ ሥር ላይ ደግሞ እንደ ጥፍር ውፍረት ያለ ቀይ አፈር ነበር።

«አባባ፣ ኩሬው ወለል ላይ ቀይ አፈር አለ?»

«የለም። እሱ ጥቁር ጭቃ ነው። እኔው ስንት ጊዜ ዋኝቼበታለሁ።»

«በዙሪያውስ?»

ሼሁ ቀና ብለው ግድቡን አዩ። አባታቸው አፈሩን በጆንያ ተሸክመው ከሩቅ ካመጡት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

«ቀዩ ያለው ግድቡ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው» አሉ በቀስታ።

«ንጹሕ ውሃ ትንሽ ቢያንጠባጥብ ያን ያህል አያስፈራኝም፤ እየተከታተሉ ማየት ነው። አፈር ይዞ የሚወጣ ውሃ ግን ግድቡን ከውስጥ እየበላው ነው። ዛሬ ኩሬው በበጋ ጎድሏል፣ ግፊቱም ትንሽ ነው። ነሐሴ ላይ ሲሞላስ?»

«ስለዚህ እኔ» አሉ ሼሁ፣ «ከአምና ክረምት ጀምሮ በግድቡ ሥጋ ነው ውዱእ ሳደርግ የኖርኩት።»

ማንቆርቆሪያውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የተቆጡ መስሎን ነበር። ለካ ለፈርሂያ የድምፅ መልእክት ሊልኩ ነው። በማግሥቱ ጠዋት መልሷን በስልካቸው አሰሙን። እንዲህ ትላለች፦

«አባ፣ እኔ ያለሁት ጅዳ ነው፤ ግድቡ ላይ አይደለሁም። ከግድቡ ሥር ያሉት ግን የሰው ልጆች ናቸው። እነሱ ላይ አንድ ነገር ቢደርስና የእኔ ዛፍ ነው ያደረሰው ቢባል በምን ዐይኔ አገሬ እገባለሁ? ይቁረጡት። ስመጣ ከሌላ ቦታ አብረን እንተክላለን፣ ኢንሻአላህ።»

ሼሁ ስልኩን አጠፉና ዐይናቸውን ጠረጉ። «የመጀመሪያውን የተከልኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውንም የምቆርጠው እኔ ነኝ። ሰው የእኔን አይቶ ነው የተከተለ፤ አሁንም አይቶ ይከተለኝ።»

አሁን አንባቢዬ እኔ ደስ ያለኝ ይመስለው ይሆናል። እውነቱን ልጻፍ። ቆረጣው ተራ በተራ ሄዶ የእኔ ዛፍ ላይ ሲደርስ ግንዱን አቅፌ ቆምኩ።

«ይህንንስ ተዉት» አልኩ። «ደርቋል። ከደረቀ ወዲያ ምን ያደርጋል? ከነቀላችሁት ልጄ...»

«እትዬ፣ ከሁሉም የሚያስፈራኝ የደረቀው ነው» አለች ዝናሽ።

ሼሁ አጠገቤ መጡ። «የየሻለም እናት፣ ስሚኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ግድቡ ይፈርሳል ስትይ ሰሚ አጣሽ፤ ከሳቁብሽ አንዱ እኔ ነኝ፤ አፉ በይኝ። ዛሬ የሰማሽ ሰው ሲመጣ አንቺው ልትከለክዪ ነው?»

«እርስዎ ፈርሂያን አነጋግረው ነው የቆረጡት።»

«አንቺስ የሻለምን አላነጋገርሻትም? ምን አለችሽ?»

«ወፍሬአለሁ አለችኝ።»

«ታዲያ ልጅሽን ታምኛለሽ ወይስ ግንዱን?»

አለኸኝ ከኋላ «ግንዱማ ከስቷል!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ እጄንም ለቀቅሁ።

ዝናሽ ግን ያለ ልክ መቸኮልንም ከለከለችን። «ቆርጦ ሥሩን መተው ጭራሽ ካለመቁረጥ አይሻልም፤ ባሕር ዛፍ ያቆጠቁጣል፣ የሞተውም ይበሰብሳል» አለች። ሥሩ ሳይቆፈር ከውሃ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች እንዲመጡ አደረገች። አይተው እሷ ያለችውን አረጋገጡ፤ አሠራሩንም አሳዩን። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ኩሬው ጨርሶ ጎድሎ ሳለ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ዱዓ ተደረገ፤ እኛም አማተብን፤ ቁፋሮው ተጀመረ።

የየሻለምን ሥር ሲያወጡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ምስጥ ልቡን በልቶት የውጭ ልጡ ብቻ ቀርቷል። ሥሩ ወጥቶ ሲያልቅ በቦታው ወደ ግድቡ ሆድ የሚገባ ቀዳዳ ታየ። እጄን ሰደድኩ። እስከ ክርኔ ገባ። ጣቴ ጫፍ ላይ ቀዝቃዛ እርጥብ ነገር ነካኝ። በሕይወቴ የፈራሁትን ነገር በእጄ ዳስሼ ያገኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይገርማል፣ አልጮኽኩም። «እዚህ ነው» ብቻ አልኩ።

ቀዳዳው መጨረሻው እስኪገኝ ድረስ ተቆፈረ። ጥሩ ቀይ ሸክላማ አፈር መጣ። አንድ ስንዝር እየተደረገ፣ ትንሽ ውሃ እየተረጨ፣ በከባድ ግንድ እየተጠቀጠቀ፣ እንደገና ስንዝር እየተጨመረ ተሞላ። በአንድ ጊዜ መድፋት የፈለጉ ጎረምሶች ነበሩ፤ ሼሁ «አባቴ እንዲህ አልሠራትም» ብለው መለሷቸው። ሠላሳ አራቱም እንደዚሁ ወጡ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ምንጩ የነበረበትን ጥግ ባለሙያዎቹ አሸዋና ጠጠር ደራርበው አልብሰው ውሃው ቢመጣ እንኳ አፈር እንዳይዝ አደረጉት።

ትርፉን ውሃ የሚያሳልፈው ቦይ፣ ማስተንፈሻው፣ ሲጸዳ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። አለኸኝ ኩሬው ሞልቶ ጀልባው እንድትንሳፈፍለት አፉን በአሸዋ ጆንያ ዘግቶት ኖሯል።

«ሦስት ጆንያ ብቻ ነች» አለ አንገቱን ሰብሮ።

አሥራ አንድ አወጣን። ዝናሽ ይህ ከዛፎቹ እንደማይተናነስ አስረዳችው፤ ውሃ የሚያልፍበት ካጣ በግድቡ ራስ ላይ ነው የሚያልፈው፣ የአፈር ግድብ ደግሞ ያንን አንድ ቀንም አይችለውም። «አሥራ አንዱንም ብቻዬን እሸከማለሁ» አለና ተሸከመ።

ዛሬ ግድቡ ላይ ሣር ብቻ ነው ያለው። ሣር ሥሩ አጭር ነው፤ አፈሩን ከዝናብ ይጠብቃል፣ ወደ ሆድ አይገባም፤ ሲታጨድም ጃርት የቆፈረውን ወይም የተሰነጠቀውን ቶሎ ያሳያል። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ማስተንፈሻውን የሚጠርግ ሰው መድበናል። ሼሁ ዓርብ ዓርብ ከግርጌው ውሃ በሃይላንድ ቀድተው አስቀምጠው ያያሉ። የመንገደኛ ዛፎቹም አልቀሩም። ከግድቡ ራቅ ብሎ በመናፈሻው ዳር ዙሪያ እንደገና ተተከሉ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለአረፋ የሚመጣው ሰው ጥላ ያገኛል። የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ለአጥር ሆነ። ለየሻለም ዋንዛ ተከልኩላት። ከዚህ ሁሉ አንድም ከአቅማችን በላይ የሆነ ነገር አልነበረም። የጎደለን ጠይቆ ማየት ብቻ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከጠዋት ጀምሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። እንዲህ ያለ ዝናብ ሲመጣ እኔ ልብሴን በሻንጣ ነበር የምከተው። ያን ቀን ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ኩሬው ጢም ብሏል። ማስተንፈሻው እየጮኸ ትርፉን ወደ ወንዙ ይወስዳል። ሼህ አሕመድኑር ከግርጌው ጥግ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ቆመው አንድ ሃይላንድ ወደ ሰማዩ ብርሃን አቅንተው ያያሉ።

«ነይ እይው» አሉኝ።

ከጠዋት የተቀዳ ነው። ሥሩ ላይ ምንም የለም። ወደ ሌላው ዐይኔም አስጠግቼ አየሁት። የለም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

«ተመስገን» አልኩ። «ዝናሽን እግዚአብሔር ይስጥልን። እርስዎንም።»

«አንቺንም» አሉኝ። «አንቺ ባትፈሪ እኮ ያን ቀን እዚህ አትመጪም ነበር።» አልቃሽ ብርሀንነሽ ከተባልኩ ወዲህ ስለ ፍርሃቴ ያመሰገነኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ወደ ቤቴ ስመለስ ስልኬ ጠራ። የሻለም ናት። አነሣሁትና፣

«እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ?» አልኳት።



«እማ» አለች ደንግጣ፣ «ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?»